ለዓሣ አይሆንም

ስድስት ዓመት የለፋችበት መጠቅለያ ገበያ ሊወጣ ሳምንት ሲቀረው ተመራማሪዋ አክስቷ ዓሣ ቤት ጎራ አለች፤ ልትጠይቃት እንጂ ለሥራ አልነበረም።

መጠቅለያው ከድንች ስታርች የተሠራ ነው። ሲያዩት ላስቲክ ይመስላል፤ አፈር ውስጥ ሲገባ ግን ተሐዋስያን በልተው በሦስት ወር ድራሹን ያጠፉታል። ምግብ እንደማያበላሽም ሩቅ አገር በተማረችው መንገድ ራሷ ፈትሻለች፦ በአራት ዲግሪ ቅዝቃዜ ስምንት ቀን የቆየ ዓሣ ንክች አላለም።

አክስቷ የፍሪጁን ገመድ ስትነቅል ደረሰች።

«እቴቴ፣ ለምን ትነቅዪዋለሽ?»

«ተራዬ አለቀ። ሦስት ሱቅ በአንድ መስመር ነን፤ ሁላችንም ከሰካን ፊውዙ ይቃጠላል። ሁለት ሁለት ሰዓት ተካፍለናል።»

«ዓሣውስ?»

«ዓሣው ምን ይላል? ሞቷል እኮ!»

ተመራማሪዋ ሳቀች። ሳቋ ግን ጥርሷ ላይ ደረቀ። የፍሪጁ መስታወት በውስጥ በኩል አልቦት ነበር።

እግሯ እንዴት ላብራቶሪ እንዳደረሳት አታውቅም። አንዱን ዓሣ በተራ ላስቲክ፣ ሌላውን በራሷ መጠቅለያ ጠቅልላ ፍሪጁን እንደ አክስቷ ሱቅ ሁለት ሰዓት ማብራት፣ አራት ሰዓት ማጥፋት ጀመረች። በሦስተኛው ቀን ናሙና ወስዳ ባክቴሪያ በሚያድግባቸው ሳህኖች ላይ ዘራች፤ በማግስቱ ከፈተቻቸው። የላስቲኩ ሳህን ላይ ሰባት ነጠብጣብ። የእሷ ላይ መቁጠር የሚባል ነገር የለም፤ ከዳር እስከ ዳር ግጥም ብሏል።

ምክንያቱ ወዲያው ገባት። ፍሪጁ በጠፋ ቁጥር ዓሣው ያልበዋል፤ ስታርቹ ላቡን ጠጥቶ ይላላል፤ አፈር ውስጥ ይጠብቃሉ የተባሉት ተሐዋስያን እዚያው ሱቅ ውስጥ ማዕድ ይቀርብላቸዋል።

ሰው «ምን ቆርጦሽ ከውጭ ተመለስሽ?» ባላት ቁጥር አፏን ሞልታ የምትመልሰው በዚህ መጠቅለያ ነበር። አሁን ምን ልትል ነው? ለአፍታ ሳህኖቹን ሰብስባ ልትጥላቸው ዳዳት።

የላብራቶሪው ኃላፊ የመጠቅለያውን ማጽደቂያ ቅጽ ይዞ ገባ። «ዶክተር፣ ያንቺ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። ሐሙስ ሥርጭት ይጀመራል፣ እንግዳ ጠርተናል።»

ሳህኖቹን አሳየችው፤ የሆነውንም ነገረችው።

«መመሪያው አራት ዲግሪ ይላል» አለ ኃላፊው። «ፍሪጅ ካጠፉ ጥፋቱ የእነሱ ነው።»

«መመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ መብራት በተራ በማይታደልበት አገር የለመድኩትን ገልብጬ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«በገዛ እጅሽ ያሳደግሽውን ልጅ ልትገድዪው?»

«የሰው ልጅ ከሚታመም እሱ ይሙት።»

«አትቀልጂ! ወይ ፈርሚ፣ ወይ የላብራቶሪውን ቁልፍ አስረክቢ።»

ቅጹን ተቀበለችው። በሦስቱም ቅጂ ላይ፣ «ውጤት» በሚለው ሳጥን ውስጥ፣ «ለዓሣ አይሆንም» ብላ ጻፈችና ከሥሩ ፈረመች። ቁልፉን ላዩ ላይ አስቀመጠች።

«ፊርማ ብለውኛል፤ ይኸው ፊርማ።»

«በሌላ ሰው አስሞላዋለሁ!»

«ያስሞሉ። እኔም አፍ አለኝ።»

ሐሙስ ጠዋት ከላብራቶሪው ይዛቸው የወጣችውን፣ በፕላስተር የታሸጉትን ሁለት ሳህኖች አክስቷ ባንኮኒ ላይ ደረደረች።

«ደንበኞቼን ልታባርሪብኝ ነው? ይሄን ጉድ ከዓሣ አጠገብ!»

«ታሽጓል እቴቴ፣ አይወጣም። አንዱ በላስቲክ፣ አንዱ በእኔ መጠቅለያ ከተጠቀለለ ዓሣ የወጣ ተሐዋስ ነው፤ በእኔው ማንም እንዳይበላ ብዬ ነው ያመጣሁት።»

ብዙም ሳይቆይ አከፋፋዩ ጥቅል ተሸክሞ መጣ። «እትዬ፣ አዲስ መጠቅለያ ነው፤ ተመርምሮ ተፈርሞበታል።»

አክስቷ ሁለቱን ሳህኖች አየች። «የትኛው ነው ያንቺ?»

ተመራማሪዋ ግጥም ያለውን አሳየቻት።

«ይሄን ጥቅልም አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«እኔ ነኝ።»

ተመራማሪዋ ፊቷ ጋለ፤ ዓይኗን ግን ከአክስቷ ላይ አልነቀለችም። አክስቷ ቅርፊት በተለጠፈበት እጇ ጥቅሉን ወደ አከፋፋዩ ገፋችው።

«የወለደችው ራሷ አልበላበትም ካለች እኔ ማን ነኝ የማበላበት? መልስ!» ከዚያ ወደ ጎረቤቶቿ ዞራ ጮኸች። «እናንተ! እንዳትቀበሉ! ኑ፣ መጀመሪያ ይችን ልጅ ስሟት!»

አንዲት ዓሣ ሻጭ ቢላዋዋን እንደያዘች መጣች። ተመራማሪዋ ሳህኑን አነሳችና ጥፋቷን ከመጀመሪያው፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ መናገር ጀመረች።