የሌለው ሰባተኛ ክፍል

ሐሴት የመንጋጋ ጥርሷን የተነቀለችው ማክሰኞ ነበር። ኖላዊ ደግሞ ሐሙስ ዕለት በሬዲዮ «ዛሬ ጥርሴን ተነቅዬ ስለመጣሁ አጠር ላድርግላችሁ» አለ።

ይህን የሰማችው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከምትሠራበት ፋርማሲ ጀርባ፣ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ምሳዋን ስትበላ ነው። ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሰውዬው አንድም ጥርስ አልተነቀለም፤ ሠላሳ ሁለቱም አፉ ውስጥ ተደርድረው በየፌስቡኩ ሲያሳያቸው ይውላል። የተነቀለው የእሷ ነው፣ «ጥርሴን ተነቅዬ» ብላ የጻፈችውም እሷ ናት። ዓይን ያወጣ ሌባ ታውቃለች፤ የሚሰርቀውን ነገር እንኳ አገላብጦ ለማየት የሰነፈ ሌባ ግን ገጥሟት አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐሴት የእንግሊዞችን ድራማ ትተርካለች። ባላባትና ቤተ መንግሥት፣ ጠንቋይና መንፈስ ያለበትን ሁሉ እያየች፣ በአማርኛ ጽፋ ማክሰኞ ማክሰኞ ቴሌግራም ላይ ታወጣለች። ሰባት መቶ የሚሆን ሰው ያነባታል። አሠራሯ የራሷ ነው። እያንዳንዱን ክፍል ሁለት ጊዜ ታያለች፤ መጀመሪያ ድምፁን ዘግታ ፊታቸውን ብቻ፣ ቀጥላ ከነድምፁ። ከዚያ የሆነውን ትናገርና ፍርዷን ትሰጣለች። ቀሚሱ ርካሽ ከሆነ ርካሽ ነው ትላለች። መንፈሱ ሲገለጥ ከኋላው የመብራት ገመድ ከታየ አትምርም። የአንዱን ግቢ አዛዥ «መዋጮ ያልከፈለ ሰው ለቅሶ ላይ ያገኘ የዕድር ጸሐፊ ይመስላል» ብላ ጽፋ፣ ከግሪንቤልት እስከ አሌክሳንድሪያ ሰው ሆዱን ይዞ ስቋል።

ያ አዛዥ ዘንድሮ በያዘችው «ሄዘርኮት» በሚባለው ድራማ ውስጥ ያለ ነው። ባሕሩ ጠርዝ ላይ ያለ አሮጌ ግቢ፣ ዓይናቸው የጠፋ ሌዲ ኦገስታ የሚባሉ እመቤት፣ ካፒቴን ሩፐርት የሚባል መርከበኛ ወንድማቸው፣ ደረጃው ላይ ውሃ እያንጠባጠበ የሚቆም የሰመጠ ሰው መንፈስ። ኖላዊ ይህን ሁሉ ከእሷ ላይ እየገለበጠ ሐሙስ ሐሙስ ያነባል፤ ከነዕድር ጸሐፊው።

ትረካውን መጀመሪያ የጀመረችው ለአንድ ሰው ብላ ነበር። አክስቷ እትዬ ዘርትሁን አሌክሳንድሪያ፣ ልጃቸው ባርናባስ ቤት ነው የሚኖሩት። ግላኮማ ዓይናቸውን ሲወስደው ሐሴት ረቡዕ ረቡዕ እየደወለች የጻፈችውን ታነብላቸው ጀመር። እሳቸው ጴንጤ ናቸው፤ መንፈሱ ብቅ ሲል «በኢየሱስ ስም» ይሉና «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላሉ። እንዲህ አምስት ዓመት ዘለቁ። ዘንድሮ ፋርማሲው የረቡዕን ሺፍት ሲጨምርባት ንባቡ ተቋረጠ፤ እትዬ ዘርትሁንም የኖላዊን ሬዲዮ አገኙ።

«አንድ ልጅ አግኝቻለሁ» አሏት በስልክ። «ልክ እንዳንቺ ነው የሚያወራው። እንዲያውም የእሱ ነፋሱም ባሕሩም ይሰማል።»

«እቴቴ፣ እሱ እኮ የሚያነበው የኔን ነው።»

«እንግዲህ የእንግሊዝ ታሪክ አይደል? ሁለት ሰው አንድ ፊልም ቢያይ አንድ ነገር ነው የሚያወራው» አሉ፣ እንደ ማባበል አድርገው።

ከሌብነቱ ይልቅ አንጀቷን ያሳረራት ይህ ነው። ሰባት መቶው ሰው ከእሱ ጋር ቢያምታታት ይሁን። እቴቴ ግን ድምጿን ከዚያ የቤት ደላላ ድምፅ መለየት ካቃታቸው፣ ያን ሁሉ ዓመት ለማን ነበር የምታነበው?

የጥርሱን ነገር የሰማች ዕለት ለኖላዊ ደወለችለት። ሰውዬው ከሬዲዮው ሌላ ቤት ያሻሽጣል፤ ሁለቱንም የሚሠራው በዚያው ማር በሆነ ድምፁ ነው።

«ሐሴትዬ፣ ምን ላግዝሽ?»

«ስሜን ጥራ። ሌላ ምንም አልፈልግም። የጻፈችው ሐሴት ናት በል።»

«የጻፉትማ እንግሊዞቹ ናቸው፣ የኔ እህት። አንቺ ሪካፕ አደረግሽ፣ እኔ ሼር አደረግኩ። ክላየንት እየጠበቀኝ ነው፣ ኮል ባክ አደርግሻለሁ።»

አልደወለም። በሚቀጥለው ሐሙስ ስድስተኛውን ክፍል ቃል ሳይቀይር አነበበ።

በዚያ ሰሞን ቤተሰቡ ሌላ ጭንቅ ነበረበት። የእትዬ ዘርትሁን ታናሽ ወንድም፣ የሐሴት አጎት ጋሼ ንጋቱ፣ አዳማ ላይ ከሞቱ ወር አልፏል፤ እትዬ ዘርትሁን ግን መርዶውን አልተረዱም። የልብ ኦፕሬሽን ቀጠሮ አላቸው። ባርናባስ «ዶክተሩ ልቧ አይችልም ብሏል፤ ሰርጀሪው እስኪያልፍ ማንም ትንፍሽ እንዳይል» ብሎ ለዘመዱም ለቸርቹም አስጠነቀቀ፤ ሁሉም እሺ አለ። መርዶ ጊዜ ተመርጦለት ነው የሚነገረው፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ሊጠይቃቸው የሚመጣው ሰው፣ ዓይናቸው እንደማያይ እያወቀ፣ ጥቁር ልብሱን መኪና ውስጥ አውልቆ ይገባል። «ወንድሜስ?» ሲሉ «ኔትወርክ የለም» ይባላሉ። በጣም ሲጨነቁ ደግሞ ባርናባስ ጋሼ ንጋቱ ድሮ የላኩትን የድምፅ መልእክት ዛሬ የመጣ አስመስሎ ያሰማቸዋል። ሐሴትም አጎቷን አፍና አልቅሳ፣ አክስቷ ጋ ስትደውል ድምጿን አስተካክላ ነበር የምታወራው።

ስድስተኛው ክፍል የመጨረሻው ነበር። እንግሊዞች እንዲህ ናቸው፤ አሜሪካኖቹ ሃያ ክፍል የሚያንዛዙትን እነሱ በስድስት ይጨርሱና ሻያቸውን ይጠጣሉ። ድራማቸውን የሚያይ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ኖላዊ ግን አያይም። ይህ የገባት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ምድር ቤት ልብስ እያጠበች ሳለ ነው። ልብሱን ማሽኑ ውስጥ ትታ ወደ ቤቷ ወጣችና ሰባተኛ ክፍል ጻፈች።

በሁለት ሰዓት ጨረሰችው። ካፒቴን ሩፐርት ባሕር ላይ ሞተ። ግቢው በሙሉ ሰማ፤ ሌዲ ኦገስታ ብቻ አልሰሙም፤ ሐኪሙ ልባቸው አይችልም ብሏል። ገረዶቹ ጥቁሩን ጥብጣብ በር ላይ እየፈቱ ይገባሉ። አዛዡ የካፒቴኑን አሮጌ ደብዳቤዎች የዛሬ አስመስሎ ያነብላቸዋል። መንፈሱም ደረጃው ላይ ቆሞ፣ እውነቱን የሚነግርለት ሰው አጥቶ ይንጠባጠባል። እጇ ሲሮጥ ከየት እንደሚያመጣው አልጠየቀችም። የተናደደ ሰው አጠገቡ ያገኘውን ነው የሚያነሳው። እስከ ዛሬ ከጻፈችው ሁሉ የሚበልጥ መሆኑን ግን አወቀች፤ ያን ማወቋም ይበልጥ አናደዳት። ማክሰኞ አወጣችው።

ሐሙስ ኖላዊ አነበበው፤ ቫዮሊን ጨመረበት። መጨረሻ ላይ ጉሮሮውን ጠረገና «ይህን ክፍል ሳይ እንባዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር» አለ። ሐሴት መኪናዋ ውስጥ መሪውን እየደበደበች ሳቀች። ከዚያ ስልኳን አነሳችና ጻፈች፦

«ሄዘርኮት ስድስት ክፍል ብቻ ነው። ሰባተኛ ክፍል የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዷን ቃል ከራሴ አውጥቼ የጻፍኩት እኔ ሐሴት ነኝ። አቶ ኖላዊ እያለቀሱ ያዩትን የት እንዳዩት እባካችሁ ጠይቁልኝ።»

ጉድ ፈላ። አርብ ሙሉ ቀን ስልኳ አላረፈም። የማታውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ ከፔትዎርዝም ከታኮማ ፓርክም እየደወሉ አበጀሽ አሏት። ማምሻውን ራሱ ኖላዊ ደወለ፤ ማሩ ከድምፁ አልቆ ነበር።

«ስሜን አጠፋሽው። ሦስት ክላየንት ካንስል አደረገኝ።»

«ስም ማለት እንዲህ ያማል» አለችና ዘጋችበት። በወሩ ውስጥ እንደዚያ ምሽት የጣፈጣት እራት አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ባርናባስ ደወለ። «እማዬ አሁኑኑ ትምጣ ብላለች። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ቁርስም አልበላችም።»

ሐሴት ምን እንደምትባል የምታውቅ መሰላት። ቤልትዌይ የሚሉትን የቀለበት መንገድ ይዛ የወንዙን ድልድይ ስትሻገር፣ እቴቴ «ለካ ያንቺ ነበር» ሲሏት ምን ብላ እንደምትመልስ ታሰላስል ነበር። ትንሽ ልትኮራባቸው አስባለች። ከዚያ ይቅር ልትላቸው።

እትዬ ዘርትሁን ሶፋው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ነው። ሬዲዮው ጠፍቷል። ሐሴት ልትስማቸው ስታጎነብስ በእጃቸው አገዷት።

«ተቀመጪ። ባርናባስ፣ አንተም ና። ሁለታችሁም ስሙኝ።» ባርናባስ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ። «ያ የሬዲዮው ልጅ ያነበበው ሰባተኛው፣ የእንግሊዞቹ አይደለም ተባልኩ። ትናንት እህት አጸደ ከቸርች ደውላ ነው የነገረችኝ። ያንቺ ነው አለች። እውነት ነው?»

ሐሴት ፈገግ ብላ አዎ ልትል አፏን ስትከፍት የባርናባስን ፊት አየች። ባርናባስ ትረካዋን አንብቦ አያውቅም፤ ትናንት ማታ ግን ሰው ልኮለት ሳያነበው አልቀረም። ፊቱ አመድ መስሏል። ያኔ ገባት። ጥብጣቡ፣ አሮጌው ደብዳቤ፣ ልባቸው አይችልም ያለው ሐኪም፤ ሁሉንም ያነሳችው ከዚህ ቤት ነው። አጎቷን ወስዳ ለኖላዊ ወጥመድ አድርጋዋለች፤ ያንንም አክስቷ ቁጭ ብለው ሰምተውታል።

መውጫ ግን አለ። የእንግሊዞቹ ነው ብትል ያበቃል። ቀጣፊዋ እኔ ነኝ፣ ልጁ እውነቱን ነው ብትል፣ ድራማ ድራማ ሆኖ ይቀራል። ለኦፕሬሽኑ የቀረው አሥራ ሁለት ቀን ነው። ባርናባስ ከእናቱ ኋላ ሆኖ በዓይኑ ይለምናታል።

«የእንግሊዞቹ ነው እቴቴ» አለች። «ልጁን ላናድደው ብዬ ነው የኔ ነው ያልኩት።»

እትዬ ዘርትሁን ፊታቸውን ወደ ድምጿ አዞሩ።

«እንግሊዝ ጥቁሩን በር ላይ አያወልቅም» አሉ። «አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽኝ? ሰው ሲሞትባቸው ደብዳቤውን በትሪ ያመጡላቸዋል፤ እዚያው አንብበው እዚያው ይወድቃሉ። አምስት ዓመት አንብበሽልኛል፤ አንድም ቀን መርዶ ሲደባበቁ አልሰማሁም። ይሄ የኛ ነው። ይሄ የኔ ቤት ነው።»

«እማዬ፣ ዶክተሩ እኮ ስትረስ...» አለ ባርናባስ።

«አንተ ዝም በል። ያንተን እመጣበታለሁ።» ድምፃቸው አልጨመረም። «ትናንትና ንጋቱ ላከልሽ ብለህ ያሰማኸኝ ድምፅ ላይ፣ ደህና ነኝ ሲል ከኋላው ዶሮ ይጮሃል። ፋሲካም ላይ ደህና ነኝ ሲል ዶሮ ጮኋል። እሱን ሰምቼ እንኳ ዝም አልኩ፤ ልጄ አይዋሸኝም ብዬ። ልቧ አይችልም አላችሁ። ልቤን ማን ጠየቀው? ሰው ሁሉ በዚያ ልጅ አፍ ወንድሜን ሰምቶ ያለቅሳል፤ እህቱ እዚህ ቁጭ ብዬ ከዚያስ፣ ከዚያስ እላለሁ።»

ባርናባስ ግድግዳውን ተደገፈ። የኔ ነው ብላ በወሩ ሁሉ የተናደደችለት ጽሑፍ ለሐሴት አፍራ የምትደብቀው ነገር ሆነባት። በኖላዊ እንኳ መናደድ አልቻለችም።

«ሐሴት።»

«አቤት፣ እቴቴ።»

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አለች።

«እንግዲያው አንቺው ንገሪኝ። ወንድሜ መቼ ሞተ? ሳታሳምሪ።»

«ግንቦት አራት» አለች ሐሴት። «ማክሰኞ ጠዋት ነው። ቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ።»

እትዬ ዘርትሁን የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው እየዳበሱ ፈለጉት። ሲያገኙት ነጠላውን አዘቅዝቀው ለበሱ።

«ቀጥይ» አሉ።