ከመቶ ፐርሰንት የተረፉ ልጆች

ሰፈሩ «ጠብታ» ይላታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየበሩ እየዞረች ለሕፃናት የልጅነት ልምሻ መከላከያ ጠብታ ስትሰጥ ኖራ፣ እናቷ ያወጣችላት ስም ከነጭራሹ ተረስቷል። በዚያኛው ስሟ ብትጠራ ዞራ የምታይም አይመስለኝ። ከተማው መግቢያ ላይ የነዋሪውን ብዛት የሚናገር ትልቅ ሰሌዳ ተተክሏል፤ ጠብታ በዚያ ባለፈች ቁጥር ትስቅበታለች።

ያን ሳምንት ግን ሳቅ አልነበረም። ጎረቤት ከተማ ውስጥ የሁለት ልጆች እግር በአንድ ሌሊት ዝሎ መቅረቱ ተሰምቶ ነበርና የአራት ቀን ዘመቻ ታወጀ። ወረቀቱ እንደሚለው በእሷ ድርሻ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ዘጠኝ መቶ ናቸው። ስለዚህ አርባ አምስት ብልቃጥ በበረዶ ሳጥን ተሰጣት፣ አንዱ ለሃያ ልጅ ተብሎ። በሁለተኛው ቀን ከምሳ በፊት ሳጥኑ ባዶ ሆነ። የሰፈሩ ሲሶ ገና አልተነካም!

ነጠላዋን እያስተካከለች ወደ ጤና ጽሕፈት ቤት ገሰገሰች። የቁጥር ክፍሉ ኃላፊ ሸሚዙ የማይጨማደድ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚናገር ጨዋ ወጣት ነው። በሌለበት «ፐርሰንት» ይሉታል።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ እትዬ! መቶ ፐርሰንት ሞልተዋል» ብሎ ተነሣላት።

«ልጆች ቀርተውኛል፣ አለቃ። ብልቃጥ ይጨምሩልኝ።»

«መቶ ከሞላ በኋላ ምን ልጅ ይቀራል?»

«ያልተከተበ ልጅ ነዋ!»

ፐርሰንት ብዕሩን አስቀመጠ። «አይቀየሙኝና፣ ጠብታው ወይ ፈሷል፣ ወይ ተሽጧል። የሌለ ልጅ አፍ ውስጥ ጠብታ አይገባም። ቁጥሩን አልፌ ብፈርም ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

ተሽጧል! ሃያ ሁለት ዓመት በፀሐይና በጭቃ ለፍታ፣ ተሽጧል! ቢሮ ውስጥ ሁሌም «እርስዎ» የምትለው ሴትዮ ያኔ እርስዎነቱን በሩ ላይ አራገፈችው።

«ተነሥ። የጫማህን ክር አጥብቅና ተከተለኝ። የከተብኩት ልጅ ሁሉ የግራ እጁ ትንሿ ጣት ቀለም ተቀብታለች፤ ሳምንት አይለቅም። እኔን አትመን፣ ጣት ቁጠር።»

መጀመሪያ አንድ ትልቅ የብረት በር አንኳኩ። በፐርሰንት ወረቀት ላይ «አንድ ቤተሰብ፣ አምስት ሰው፣ አንድ ሕፃን» ይላል። ባለቤቲቱ እጇን እየጠረገች ወጣች።

«እኔና ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችን። ሌላ ማን አለ ብላችሁ!» አለች ዓይኗን በጨው አጥባ።

ጠብታ አልተከራከረችም። አንገቷን ወደ ጓሮ አስግጋ «ልጆች! ጣት!» ብላ ተጣራች። ጓሮ በተደረደሩት አሥራ አንድ ክፍሎች በር በኩል ልጅ ፈሰሰ። አሥራ አራት ግራ እጅ ተዘረጋ፣ አሥራ አራት ጥቁር ጣት።

«ምን ላድርግ የኔ ጌታ» አለች ባለቤቲቱ ቀልቧ ተገፎ። «የሕዝብ ቆጣሪ ሲመጣ ተከራይ አለኝ ካልኩ ግብር ይጨምሩብኛል ብዬ ነዋ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ አንቺ!» ብላት ጠብታ አለፈች።

ቀጥሎ ያለው ቤት በወረቀቱ «ባዶ» ነው። ቆጣሪው ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስቴም ቁልፍ ነው ያገኘው። ባልና ሚስቱ ጎህ ሳይቀድ ገበያ ወጥተው ሲመሽ ይገባሉ፤ መንታዎቻቸው አጠገብ ካለችው አክስታቸው ዘንድ ይውላሉ። ሁለት ጥቁር ጣት። ከዚያ ወዲያ ያለችው አራስ ደግሞ «እኛኮ የምንቆጠረው አገር ቤት ነው» አለች፣ እዚህ ከመጣች ስድስት ዓመቷ።

ፐርሰንት ወረቀቱ ሞልቶበት ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመረ። ላብ አጥምቆታል።

«እኔ እኮ በየዓመቱ ሦስት ፐርሰንት እጨምራለሁ» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«በምን ላይ ነው የምትጨምረው?»

«በባለፈው ቆጠራ ላይ። አምስት ዓመት ሆኖታል።»

«ከመጀመሪያውስ ጎዶሎ ከነበረ? አብሮ የሚያድገው ጉድለቱ ነው፣ የኔ ልጅ።»

ወንዙ ጋ ደረሱ። ከድልድዩ ማዶ ያለው ቦታ በካርታው ላይ አረንጓዴ ተቀብቶ «የእርሻ መሬት» ተብሏል። እርሻው የታለ? እስከ ኮረብታው ወገብ ድረስ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ነው! ጠብታ እጇን ዘርግታ «ይኸውልህ» ልትል ስትል ፐርሰንትን ድልድዩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ አየችው።

«ምነው?»

«ቤቴ እዚያ ነው» አለ በዝግታ። «ሰማያዊው በር። ከገባን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ።»

«አንተስ የት ተቆጠርክ?»

«እናቴ ቤት፣ ገጠር። እኔ ያኔ እዚህ ከተማ ነበርኩ፤ እሷ ግን ልጄ ለትምህርት ወጣ ብሎ ነው እንጂ እዚሁ ነው ብላ አስጻፈችኝ።»

«ልጅ አለህ?»

«ሴት። ሦስት ዓመቷ።»

«ጣቷስ?»

«አልተቀባችም» አለ ፐርሰንት። ሚስቱ ከቢሮ ያመጣላታል ብላ ጠብቃለች፤ እሱ ከታቢዎቹ ይደርሳሉ ብሎ ተኝቷል። ከታቢዎቹ የሚሄዱት ደግሞ በወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ማዶ ሰው የለም ይላል፤ ከወረቀቱ ግርጌ ያለው ፊርማ የራሱ ነው። ጎረቤት ከተማ ያሉትን የሁለቱን ልጆች እግር አሰበ። የድልድዩን ብረት ያዘ።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ተረት የጠብታ ምላስ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። በወደቀ ላይ የምትዘል ሴት አይደለችም፤ ደግሞም አባት ሲደነግጥ ማየት አልቻለችም።

«ኧረ ደውል እንጂ! ምን ያስቆምሃል?»

ደወለ። «ስልሳ ብልቃጥ፣ አሁኑኑ!» ሲል የመጋዘን ኃላፊው በየትኛው ቁጥር እንደሆነ ጠየቀው።

«በዓይኔ ባየሁት!» ብሎ ጮኸበት ያ አንገተ ሰባራ። «ፊርማው የኔ ነው። የሚጠይቅ ካለ መጥቶ ጣት ይቁጠር!»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሳጥኑ ደረሰ። የመጀመሪያው ብልቃጥ ሰማያዊው በር ላይ ተከፈተ። ልጅቱ በእናቷ ክንድ ላይ ሆና ጠብታዋን ተቀበለች፣ ፊቷን አጨማደደች፤ ጠብታም ትንሿን ጣት ይዛ ቀለም ቀባቻት። ልጅቱ ጣቷን አገላብጣ አይታ ከንፈሯን ጣለች።

«አባዬ፣ ቆሸሽኩ። እጠበኝ።»

ፐርሰንት ንጹሕ ሱሪው አፈር እንደሚነካ ሳያስብ ተንበረከከና ጣቷን ሳመ።

«አይታጠብም፣ እናቴ» አላት። «በዚህ ከተማ የተጻፍሽው እዚህ ላይ ብቻ ነው።»