ያላሟረትኩበት ቀን

ልጄ የምትሠራው ሳሎናችን ጥግ፣ ድሮ የስፌት መኪናዬ በነበረበት ቦታ ነው። ለሰው ዌብሳይት ትሠራለች። ሠርታም አትለቀውም፤ ገጹ የሚቀመጥበትን ቦታ ጭምር ታከራያለች። ቦታው ግን የእሷ አይደለም። ሩቅ አገር ካለ ድርጅት በርካሽ ተከራይታ ለአሥራ ስምንት ደንበኞች ታካፍላለች። መጀመሪያ ላይ ነገሩ አልገባኝም ነበር።

«እማ፣ የጋራ ግቢ በዪው» አለችኝ። «ብዙ ተከራይ፣ አንድ ቧንቧ። አንዱ ልብስ ሲያጥብ ሌላው ፊቱን የሚታጠብበት ውሃ ያጣል።»

ይሄ ወዲያው ገባኝ። እንደዚያ ያለ ግቢ ውስጥ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ።

ስልኩን የምይዘው እኔ ነኝ። ደንበኛ ሲደውል አነሳለሁ፣ ሰማያዊው ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ «እያየነው ነው» እላለሁ። ቃሉን ያስተማረችኝ ልጄ ናት። ውሸት አይደለም፤ እናየዋለን። ድርጅቱ እስኪመልስልን ድረስ ከማየት ሌላ የምናደርገው ብዙም የለም።

ችግሩ፣ እኔ ሁልጊዜ ክፉ ክፉው ነው የሚታየኝ። ስልክ ሲጮህ ሰው የሞተ ይመስለኛል። ልጄ መታጠቢያ ቤት ከቆየች በሩን አንኳኳለሁ። አባቷ «እዚህ ቤት ሬዲዮ ምን ያደርጋል፣ አደጋው ሳይደርስ ዜናውን እናትሽ ታነብልናለች» ይላል። ጠባዬ ስልኩ ላይም ተከተለኝ። አንድ ፎቶ አንሺ «ፎቶዎቼ አይጠፉም አይደል?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ «የማይጠፋ ነገር የለም፣ እርስዎም ዘንድ ቅጂ ይኑር» አልኩት። በሳምንቱ ሌላ ቦታ ሄደ።

ልጄ አልተቆጣችም። ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

«እማ፣ ደንበኛ ላይ አታሟርቺ።»

«እውነቱን ነው የነገርኩት።»

«እውነት ነው። ግን ቤት ሊከራይ የመጣን ሰው ደጃፍ ላይ ቆመሽ ‹ይፈርሳል› አትዪውም።»

«የሚፈርስ ከሆነስ?»

«ከገባ በኋላ ይደርስበታል» አለች። ሁለታችንም ሳቅን።

ዋናው የኪራይ ዓይነታችን ስሙ «ያልተገደበ» ነው። ድርጅቱ በራሱ ቋንቋ እንደዚያ ብሎት ልጄ ተረጎመችው። ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃት «እስኪገደብ ድረስ ማለት ነው» አለችኝ። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ከመጣ ይዘጋል፤ እሱም ከታች በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። እኔ ያልተገደበ ሲባል የሚታየኝ ወንዝ ነው። ያልተገደበ ወንዝ ቤት ይወስዳል። አታሟርቺ ከተባልኩ በኋላ ግን ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ከደንበኞቻችን ትልቁ አንድ የነርሶች ኮሌጅ ነበር። ውሉ የሚያበቃው በዚያ ወር ነው። በዚያው ሰሞን ሌላ ከተማ ያለ ባንክ ለልጄ ሥራ ሰጥቷት፣ መልሷን እስከ ዓርብ ይጠብቃል። አባቷንና እኔን አስቀምጣ ነገረችን። «ኮሌጁ ውሉን ካደሰልኝ ሻል ያለ ሰርቨር፣ ሰፋ ያለ ቦታ ማለት ነው፣ እከራያለሁ፣ እዚሁ እቀራለሁ። ካላደሰ እሄዳለሁ።» ከተማው በአውቶቡስ የአሥራ አንድ ሰዓት መንገድ ነው። አውቶቡሱ ሲገለበጥ ያየሁት ያኔውኑ፣ እዚያው ወንበሬ ላይ ሆኜ ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ልጄ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ስልኩ ጮኸ። የኮሌጁ ሬጅስትራር ነው።

«እንደምን ዋሉ እናቴ። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የተማሪዎችን ውጤት እናወጣለን። ዘንድሮ ወረቀት መለጠፍ ቀርቷል፤ ሁሉም በዌብሳይቱ ነው የሚያየው። ችግር አይኖርም አይደል?»

«ስንት ተማሪ ነው?»

«ሰባት መቶ ቢሆን ነው። ቤተሰብም ያያል እንግዲህ። የእኛ ያልተገደበው ነው አይደል?»

ቧንቧው ታየኝ። ሰባት መቶ ሰው ባልዲ ይዞ ተሰልፏል። «ይዘጋባችኋል» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ፎቶ አንሺው ትዝ አለኝ። ከዚያ ባንኩ፣ ከዚያ አውቶቡሱ።

«ምንም አይሆንም» አልኩት።

«ተባረኩ» ብሎ ዘጋ።

ደብተሩ ላይ «ሬጅስትራር፣ ለሰላምታ» ብዬ ጻፍኩ። ለልጄ ብነግራት ደውላ እውነቱን ትነግረዋለች፤ እሱም «ታዲያ ያልተገደበ ለምን አላችሁት?» ይላል፤ ውሉም እዚያው ላይ ያበቃል። እንዲህ እያልኩ አሰላሁት። ልጄ ግማሽ ፊቷ ደንዝዞ መጣች። ጉንጯን በጣቷ እየነካካች «ይሰማኛል፣ ግን የእኔ አይመስለኝም» አለች። ሾርባ ሠራሁላት። ጠጥታ ተኛች።

በማግስቱ ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሬ ስልኩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሦስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ ጮኸ። ቁጥራችን በኮሌጁ ገጽ ግርጌ ላይ ስላለ ተማሪዎቹ የሚደውሉት ለእኛ ነው።

«ውጤት እምቢ አለኝ» አለች አንዲት ልጅ።

«እያየነው ነው።»

ዘጋሁት፤ ወዲያው ጮኸ። ልጄ ገጹን ከፈተች። ነጭ ነው፤ መሐሉ ላይ «ከተፈቀደው መጠን አልፏል» የሚል አንድ መስመር ብቻ።

«ኮሌጁ ዛሬ ምን አውጥቶ ነው?»

«ውጤት» አልኩ።

እንዴት አወቅሽ አላለችም። ለድርጅቱ ጻፈች። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን፣ ከፍ ወዳለው የኪራይ ዓይነት ይዛወሩ የሚል መልስ መጣ። ሰው የጻፈው አይመስልም። ደግማ ጻፈች። ያው መልስ መጣ።

ስንተኛው ስልክ እንደሆነ አላውቅም፣ አንዲት ሴት ደወለች። በድምፅዋ የእኔ እኩያ ትሆናለች።

«ልጄ ከንጋት ጀምሮ ተሸፋፍና ተኝታለች፣ እህል አልቀመሰችም። አልፋለች ወይስ ወድቃለች፣ እሱን ብቻ ንገሪኝ እህቴ።»

«እያየነው ነው» አልኳት።

«ምኑን ነው የምታዩት?»

ነጩን ገጽ አየሁ። ስልኩን ዘጋችው።

አምስት ሰዓት ሲሆን ሬጅስትራሩ ደወለ። ልጄ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ተማሪው ግቢውን ሞልቶታል» አለ። «ዲኑ ወረቀት አትሙና ለጥፉ ብለዋል፣ እያተምን ነው። እኔ እኮ ትናንት ደውዬ ጠይቄያለሁ። ሴትዮዋ ምንም አይሆንም ነው ያሉኝ።»

ልጄ አየችኝ። ብዙም አልቆየችብኝ፤ ሰዓት እንደሚያይ ሰው ነው ያየችኝ።

«አዎ» አለች። «እንደዚያ እንድትል ያደረግኋት እኔ ነኝ።»

«ገጹ ያን ያህል ሰው እንደማይችል ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ከኋላው የማተሚያ ማሽኑ ይሰማል። «እንግዲህ የውሉን ነገር...» ሲል፣ «ገብቶኛል፣ ይቅርታ» አለችው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉን ነገርኳት፣ ደብተሩ ላይ የጻፍኩትንም አሳየኋት። አነበበችው።

«ማታ ብትነግሪኝ አንድ ቀለል ያለ ገጽ እሠራ ነበር» አለች። «ፎቶ የለው፣ ምን የለው፤ ስምና ውጤት ብቻ። እሱን ይችል ነበር። የሃያ ደቂቃ ሥራ ነው።»

«አታሟርቺ ስላልሽኝ ነው።»

«አውቃለሁ። ለሰውየውም ያልኩት እሱን ነው።»

እኔ ደግሞ የሸፈነችልኝ መስሎኝ ነበር።

ዓርብ ለባንኩ እሺ ብላ ጻፈች። ሻንጣዋን አብረን አዘጋጀን። እንባው ይመጣል ብዬ ጠበቅሁት፤ አልመጣም። ሹራቦቿን አጠፍኩ፣ ካልሲዎቿን ጥንድ ጥንድ አድርጌ ጠቀለልኩ። እጆቼ ሲሠሩ አያቸዋለሁ፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስሉኛል። ከመሄዷ በፊት ኮምፒውተሩን ከፍታ ከራሳችን ገጽ ላይ «ያልተገደበ» የሚለውን አጠፋችው።

«በቦታው ምን ልጻፍ?» አለችኝ።

ነገርኳት፤ ቃል ሳትለውጥ ጻፈችው።

እሑድ ምሽት ደወለች። «ደርሻለሁ። አውቶቡሱም አልተገለበጠም» አለች።

«ገና መመለሻው አለ» አልኩ። አባቷ ከወዲያ «ዜናው ቀጥሏል» አለ።

የቀሩትን ደንበኞች ከባንክ ስትወጣ ታያቸዋለች። ስልኩና ደብተሩ እኔ ዘንድ ናቸው። ባለፈው ሰኞ የመኪና መንዳት ማሠልጠኛ ያለው ሰውዬ ደወለ።

«ስንት ሰው ይችላል?»

«በአንድ ጊዜ ሠላሳ። ከዚያ ካለፈ ይዘጋል። ብዙ ሰው የሚመጣበት ቀን ካለ ቀደም ብለው ይንገሩን፣ ቀለል ያለ ገጽ እናዘጋጃለን» አልኩ፣ ገጻችን ላይ እንዳስጻፍኩት።

«ሌላ ቦታ ያልተገደበ አለን ብለውኛል።»

«ይሆናል» አልኩ።

«ገና ሳልገባ አሟረቱብኝ እኮ እናቴ» ብሎ ሳቀ። አስብበታለሁ ብሎ ዘጋ።

ስሙን፣ ሰዓቱን፣ የጠየቀውን፣ የመለስኩትን፣ መሳቁንም ጭምር ደብተሩ ላይ ጻፍኩ። ማታ ልጄ ስትደውል ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት።

«ሌላስ?» አለች።

ገጹን ገልብጬ አየሁ።

«ሌላ የለም።»