ነፋስ ያስቀረው ኮቴ

ከተራራው መሻገሪያ በታች፣ ላማ የሚባሉት የጭነት እንስሳት ከሚያድሩበት በረት አጠገብ፣ አንድ ጠፍጣፋ ቋጥኝ አለ። ከማዶ በሰላም የመጣ ሰው ከተራራው ጫፍ ጥቁር ድንጋይ ይዞ ይወርድና እዚያ ላይ ያስቀምጠዋል። ወጪው ደግሞ መንገዱ መከፈቱን በዚያ ያውቃል፤ ድንጋዩንም ተሸክሞ ጫፉ ላይ ወዳለው ክምር ይመልሰዋል። ከጥንት የመጣ ሥርዓት ነው።

ፌሊሲታስ በማለዳ ስትደርስ ድንጋዩ ተቀምጧል። ደስ ሊላት ሲገባ ግራ ገባት። ሲወርድ የሰነበተው በረዶ ትናንት ጠዋት አባርቷል፤ ድንጋዩ ያለው ደግሞ ከበረዶው በላይ ነው። እንግዲህ ካባራ በኋላ ሰው ወርዷል። ታዲያ በየት በኩል? ከቋጥኙ እስከ ዳገቱ አንድም የእግር ጉድጓድ አይታይም።

«ክንፍ አውጥቶ ይሆናል» አለ ባሏ ቶሪቢዮ፣ የሚያኝከውን የኮካ ቅጠል በጉንጩ እንደያዘ።

«አንተ ቀልድ። እኔ ያልገባኝን መንገድ አልረግጥም።»

«እንግዲያው ቁጭ በይና መቀሱን በነፋስ ላኪላቸው።»

ነገሩ ሁሉ መቀሱ ነው። ማዶ መንደር ያለው የኢላሪዮን ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ጸጉሩ ተነክቶ አያውቅም፤ ዛሬ ይቆረጥለታል። የመጀመሪያዋን ዘለላ ቆርጣ የልጁ የጸጉር እናት፣ የወላጆቹም አበልጅ እንድትሆን የተመረጠችው ፌሊሲታስ ናት። ከኩስኮ ከተማ ያስመጣችው መቀስ በቀይ ጥብጣብ ታስሮ ጉያዋ ውስጥ አለ። ከዘገየች ግን ክብሩ ለሌላ ይሰጣል፤ የመጀመሪያ ጸጉር ደግሞ ሁለቴ አይቆረጥም። ዙሪያውን ወደ ማዶ የሚሄደው የገበያ መኪና ትናንት አልፓካ የምትባለውን ባለ ሱፍ እንስሳዋን ስታዋልድ አምልጧታል።

አማተበች። ድንጋዩን በጀርባዋ ባዘለችው ጨርቅ ቋጠረችና ዓይኗን ከመሬት ሳትነቅል ዳገቱን ተያያዘችው።

አጋማሹ ላይ ቆመች። በበረዶው ላይ ትንንሽ ጉብታዎች፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ፣ እንደ ዳቦ ጉብ ጉብ ብለዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የአይጥ ቤት ነዋ።»

ተንበርክካ ነካችው፤ ጠጥሯል። ላዩ ላይ የጎማ ጫማ ጥለት ታትሞበታል። ጉድጓድ ሲፈልጉ ኮቴው ጉብታ ሆኖ ጠበቃቸው።

«ሰውየው ሲረግጠው ጠቀጠቀው» አለች ቀስ ብላ። «ማታ ነፋሱ መጣና ልል ልሉን ጠርጎ ወሰደው። የተረገጠው ቀረ።»

ቶሪቢዮ ጎንበስ ብሎ ከራሱ ጫማ ጋር አስተያየው። «አንቺ ሴትዮ፣ ከፖሊስ ትብሻለሽ።»

ሲደርሱ ጫፉ በነፋስ ተጠርጎ ደርቋል። ኮቴው የሚመጣው ከማዶው ቁልቁለት፣ ከተለመደው የሸለቆ መንገድ ነው። ቶሪቢዮ በዚያው ሊወርድ ዱላውን ሲያስቀድም እጅጌውን ያዘችው።

«ነፋሱ የጠረገውን በረዶ የት አደረሰው?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ነፋሱን ጠይቂው።»

«እየጠየቅሁት ነው።»

ሸለቆው እንደተወጠረ አንሶላ ለስልሷል። ጉብታዎቹ ከጫፉ ጥቂት ወረድ ብለው በአዲስ በረዶ ተውጠዋል።

«ድንጋዩ ክፍት ነው ብሏል» አለ ቶሪቢዮ። «በገደሉ ጀርባ ባለው ረጅም መንገድ ከዞርን በልተው፣ ጠጥተው፣ የልጁንም ጸጉር ቆርጠው ነው የምንደርሰው።»

«ድንጋዩ አልዋሸም። የነገረን ግን የትናንቱን ነው።»

ድንጋዩን ከጀርባዋ አወጣች። ወደ ክምሩ አየች፤ እዚያ ነበር ማረፍ ያለበት። «ይቅር በለኝ ጌታዬ» ብላ ወደ ሸለቆው ወረወረችው።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ በበረዶው ላይ እንደ እንቁላል ስንጥቅ ያለ መስመር ሮጠ፤ አንሶላው በሙሉ ተንቀሳቀሰና እያጓራ ወደ ታች ሄደ።

ቶሪቢዮ ባርኔጣውን አወለቀ። በገደሉ ጀርባ ሲዞሩ እያንዳንዱን እርምጃ በዱላው እየፈተነ ከፊት ሄደ።

ሲደርሱ ፀሐይ አዘንብላ፣ ድንቹ በርዶ፣ እንግዳው ማጉረምረም ጀምሮ ነበር። ልጁ ከነጸጉሩ እናቱ ጭን ላይ ተኝቷል። ኢላሪዮን የሚቆረጠው ጸጉር የሚቀመጥበትን ሳህን እንደያዘ ሊቀበላቸው ወጣ።

«ለሌላ ስጥ ብለው ጨቀጨቁኝ። መንገዱን በእግሬ አይቼዋለሁ፣ ድንጋይም አስቀምጬላታለሁ፣ ትመጣለች አልኳቸው።»

«አንተ ነህ?»

«ትናንት ቢራ ልገዛ ወርጄ በመኪናው ተመለስኩ። ድንጋዩን ወደ ክምሩ መለስሽው አይደል?»

ፌሊሲታስ የጎማ ጫማውን ጥለት አየችና የመቀሱን ጥብጣብ ፈታች።

«ሸለቆው ወስዶታል፣ አበልጄ። ስመለስ ሌላ አስቀምጣለሁ።»

«እንዴት ወሰደው?»

«መጀመሪያ ልጁ ሳይነቃ ልቁረጥ» አለች።