ድምፁ ብቻ የመጣው ሰርግ

ፈህሚያ ጎንደር አራዳ ባለችው ጠባብ ሱቋ ስልክ ትጠግናለች፤ ዘፈንና ፊልምም ትጭናለች። ሐሙስ ረፋድ ላይ ከጭልጋ የመጡት አያ ቻላቸው ስልካቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩት።

«የልጄ የሸጋዬ ሰርግ ነው» አሉ። «ያን ቀን እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። አገር ያየውን ሰርግ አባቷ ሳላይ ቀረሁ። አሁን ደግሞ ምነው ድምፁ ብቻ መጣ?»

እውነትም ከበሮው ይመታል፣ እልልታው ይቀልጣል፤ ስክሪኑ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው። ፈህሚያ ነገሩ ወዲያው ገባት።

«ቪዲዮው አልተበላሸም፣ አያ። ማጫወቻው ቋንቋውን አያውቅም። ኮዴክ የሚባል አስተርጓሚ ይፈልጋል።»

«አስተርጓሚው ከየት ይመጣል?»

«ከኢንተርኔት።»

ኢንተርኔቱ ግን የዚያን ዕለት እንደ ደከመ አህያ መንገድ ላይ ቆመ። ማውረድ ስትጀምር ይቋረጣል፤ ደግማ ስትሞክር ይቋረጣል። ቢቸግራት ማክሰኝት ኮምፒውተር ቤት ላለው ወንድሟ ለሙስዓብ ደወለች። ኮዴኩ እሱ ጋ ነበረ። በፍላሽ ገልብጦ ወደ ጎንደር ለሚመጣ የሚኒባስ ሾፌር ሰጠላት።

ፍላሹ እስኪደርስ አያ ቻላቸው ጥቁሩን ስክሪን ፊታቸው አድርገው አዳመጡ። «ይች ባለቤቴ ይርገዱ ናት» ይላሉ፤ «ስትዘፍን መጨረሻውን ትጎትተዋለች።» ፈህሚያም ደንበኞቿን እያስተናገደች፣ እሳቸው እየነገሯት፣ ሙሽራውንም ሚዜውንም በድምፅ ለየቻቸው።

ፍላሹ መጣ። የመጀመሪያውን ፋይል ስታስገባ ማጫወቻው ለዚህ ስልክ አይሆንም አላት። ሁለተኛውንም አልተቀበለም። የስልኩን ስሪት አጣርታ ሦስተኛውን ስትጭን ማጫወቻው ተዘግቶ እንደገና ተከፈተ።

ሸጋዬ በነጭ ቀሚስ ዳሱ መሀል ቆማ ትስቃለች። አያ ቻላቸው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ መልሰው አስጠጉት። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ሲወርድ አልጠረጉትም። ቆየት ብለው ግን ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«እስቲ አቁሚልኝ፣ ልጄ። ይኼ እስክስታ የሚወርደው ወንድሜ ውዱ ነው።»

«ጥሩ ይጨፍራሉ፣ አያ።»

«የለበሰው የኔን ካፖርት ነው። አይጥ በላው ብሎኝ ነበር።»

ፈህሚያ ሳቋን ልትይዝ ብትሞክር አልሆነላትም። አያ ቻላቸውም ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ስልካቸውን አንሥተው ለወንድማቸው ደወሉ።

«ውዱ» አሉት ረጋ ብለው፣ «ሰርጉን እያየሁልህ ነው። አይጡ ሸጋ ይጨፍራል።»