ለክፉ ቀን የተቀመጠች ኪኒን

ሰውየው ጸጉር አስተካካይ ነው። ደንበኞቹ ግን ስሙን ትተው «ጨለማው» ይሉታል። ይህን ስም ያወጡለት ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያውም ዝንብ እንኳ አይነካም። ማይግሬኑ ሲነሳበት መቀሱን አስቀምጦ፣ የሱቁን የብረት መዝጊያ ስቦ አውርዶ፣ ባልዲ አቅፎ ጨለማ ውስጥ ስለሚቀመጥ ነው። አንድ ቀን የባንክ ሠራተኛ የሆነ ደንበኛውን ግማሽ ራሱን ከርክሞ፣ ግማሹን እንደነበረ ትቶ ሸኝቶታል። ሰውየው እስኪጨረስለት ድረስ ቆብ አጥልቆ ሥራ ገባ። ግን አልተቀየመም፤ ጨለማው ባልዲው ላይ ሲያቃስት በዓይኑ ስላየ እንኳን ሊቀየም ሊጠይቀውም ተመልሷል።

ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሁሉ ደግሞ ሐኪም ነው። አንዱ «ውሃ አትጠጣም» ይለዋል። ሌላው «ሐሳብ ታበዛለህ» ይለዋል። የአክስቱ ልጅ በምን በምን እንደዳነች ጸጉሩ ተቆርጦ እስኪያልቅ የሚተርክም አለ። ጨለማው ሁሉንም በትዕግሥት ይሰማል። «ራስ ምታት እኮ እኔንም አንዳንዴ ያመኛል» የሚለውን ሰው ምላጭ ይዞ መስማት ግን ከባድ ፈተና ነበር።

በመጨረሻ ሚስቱ እጁን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችው። የነርቭ ሐኪሟ ረጋ ብላ ጠየቀችው፣ መረመረችው፣ ከዚያ ማዘዣ ጻፈችለትና እንዲህ አለችው፦ «ይቺን ኪኒን ሕመሙ ገና ሀ ብሎ ሲጀምር ዋጣት። እስኪብስብህ አትጠብቅ። ደግሞም አታዘውትራት፣ ከበዛች ራሷ ታሳምማለች።»

ጨለማው ከዚህ ሁሉ ምክር ይዞ የወጣው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ድሮም ቆጥቦ አዳሪ ነው፤ አዲስ ምላጭ ለሙሽራ ያስቀምጣል፣ አዲስ ጫማ ቆዳው እስኪሰነጣጠቅ ሳጥን ውስጥ ያኖራል። ስለዚህ ሕመሙ ሲጀምረው ኪሱን ዳበስ ያደርግና «ይሄስ ቀላሉ ነው፣ ለክፉ ቀን ትቀመጥ» ይላል። ክፉው ሲመጣ ደግሞ ይውጣትና ወዲያው ከነውሃዋ ይተፋታል። በማግስቱ ለሚስቱ «ያቺ ኪኒን አትረባም» ብሎ ያማታል። ሚስቱም «እሷ ምን ታድርግ? ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ነው እኮ የምትጠራት!» ትለዋለች።

ሁሉንም ነገር ይችለው ነበር፤ የአንድ ልጁ ነገር ነው የሚያንገበግበው። የትምህርት ቤቷን በዓል፣ የሽልማቷን ቀን፣ የወላጆችን ስብሰባ ሁሉ ሕመሙ በልቶበታል። በየጊዜው «የሚቀጥለው አያመልጠኝም» ይላታል። እሷም «እሺ አባዬ» ትለዋለች። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ምንም ነገር ነግራው አታውቅም፤ እሱም አደገችና ዝም አለች ብሎ ተወው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የልጅቷ የሙዚቃ መምህር ጸጉሩን ሊስተካከል መጣ። ዕድሜው የገፋ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። ግማሽ ያህሉ እንዳለቀ መምህሩ በመስታወቱ ውስጥ ጨለማውን እያየ «እንግዲህ ከሰዓት እንገናኛለን አይደል?» አለው።

«የት ነው የምንገናኘው መምህር?»

«እንዴ! ልጅህ አይደለችም እንዴ ብቻዋን የምትዘፍነው? አዳራሹ በሰው ሊሞላ ነው!»

ጨለማው ክው አለ። ማሽኑ እጁ ላይ እያጓራ ቀረ።

መምህሩ ልጅቷ ያለችውን ዘንግቶ ነበር፤ አፉን ባልከፈተ ደስ ባለው፤ ግን አንዴ አምልጦታል። «አባትሽን ጥሪው ብያት ነበር» አለ ድምጹን ዝቅ አድርጎ። «‹ከጠራሁት ይጨነቃል፣ ከተጨነቀ ያመዋል፣ ካመመው ደግሞ መምጣት ስላልቻለ ያለቅሳል፤ ይቅርበት› አለችኝ። እናቷም ሥራ ተረኛ ስለሆነች አትመጣም፣ እንዳትነግርህም ልጅቷ አስምላታለች።»

ወሽመጡ ቁርጥ አለ። ልጁ ተቀይማው ቢሆን ይሻለው ነበር፤ አዝናለት መሆኑ ነው የባሰው። ይቅርታ ሊጠይቅ ይሁን ሊቆጣ ሳይለይለት ወደ መስታወቱ ቀና ሲል የመምህሩ ግራ ጆሮ የለም። ጆሮው በነበረበት ቦታ ብልጭ ድርግም የሚል የተሰባበረ መስመር ይንቀጠቀጣል። መቼም ይሄን የማይግሬኑን ምልክት አይስተውም። ምልክቱ እየሰፋ ቆይቶ መደብዘዝ ሲጀምር፣ ከግራ ዓይኑ በላይ ቀስ ብሎ የሚያንኳኳ ነገር ተሰማው።

እጁ እንደልማዱ ወደ መዝጊያው ሄደ፤ ከዚያ ተመልሶ ኪሱን ዳበሰ። ያለችው አንዲት ኪኒን ናት። «ገና እኮ ምኑም አልያዘኝም» አለ በሆዱ። «ቢብስብኝስ? ማታ ቢመጣብኝስ? ምን ልይዝ ነው?» ይህን ሲል የልጁ ነገር መጣበት፤ መጥራቷን የተወች፣ ከእንግዲህም የማትጠራው ልጁ። ከዚህ የባሰ ክፉ ቀን ከየት ሊመጣ ነው? ኪኒኗን ከመጠቅለያዋ አውጥቶ ከቧንቧው በእፍኙ ውሃ ቀድቶ ዋጣት።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ትንሽ ልቀመጥ» አለ።

«እኔንም እንደ ባንኩ ሰውዬ ቆብ ልታስገዛኝ ነው?» አለ መምህሩ። ይህን ብሎ ግን ራሱ ተነስቶ፣ ጨርቁን አንገቱ ላይ እንዳሰረ፣ መዝጊያውን እስከ ግማሽ አወረደለትና ፎጣ አርጥቦ ሰጠው። ጨለማው ፎጣውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ባልዲውን እግሩ ሥር አስጠግቶ ጠበቀ። መምህሩም ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

ሕመሙ መጣ፤ አመጣጡም የሚያስፈራ ነበር። ጠነከረ፤ ጨለማው «በቃ፣ አለቀልኝ» አለ። ከዚያ አንገቱን ከበደው፣ ጣቶቹ ነዘር ነዘር አሉ፤ ሐኪሟ ኪኒኗ እንዲህ ልታደርገው እንደምትችል ነግራው ስለነበር አልደነገጠም። ሲጠብቅ ሲጠብቅ ሕመሙ ከዚያ ወዲያ አልገባም። ሱቁ በሰው መሞላቱን በበር ብቅ ብሎ አይቶ እንደሚሄድ ደንበኛ፣ ትንሽ ቆም አለና ሹልክ ብሎ ሄደ። ጨለማው ማመን አቃተው፤ ፎጣውን አንስቶ ራሱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ወዘወዘው። ምንም የለም።

«ጆሮዎ ተመልሷል» አለ። መምህሩ ግራ ተጋብቶ ጆሮውን ነካ አደረገ።

ጨለማው የቀረውን ጸጉር እያስተካከለ እንባው ጨርቁ ላይ ይንጠባጠባል፤ አላፈረበትም። ያቺን የምታክል ነገር የት አገር ያለ ሰው፣ በስንት ሙከራና በስንት ድካም እንደሠራት አያውቅም። «ማንም ሁን፣ የትም ሁን፣ እጅህ ይባረክ» አለው በልቡ። ሐኪሟንም መረቃት፣ እግሩን ሲጎትት ሳትተወው ሆስፒታል የወሰደችውን ሚስቱንም መረቃት፣ እግረ መንገዱን ያማትን ኪኒንም ይቅርታ ጠየቃት።

ከሰዓት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ አዳራሹ መጨረሻ ረድፍ ላይ ተቀመጠ። የመድረኩ መብራት ሲበራ ከልማዱ የተነሳ ዓይኑን ጨፈነ፤ ቀስ ብሎ ሲገልጠው መብራት ብቻ ነው። ልጁ ወጣች። መምህሩ ፒያኖውን ጀመረላት፣ እሷም አፏን ልትከፍት ስትል ዓይኗ መጨረሻው ረድፍ ላይ አረፈ።

መዝፈኑን ተወችው። ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት ከመድረኩ ወርዳ በመቀመጫዎቹ መሃል እየሮጠች መጣችና እጅጌውን ጨምድዳ ያዘች።

«አባዬ፣ እማዬ ምን ሆነች?»

ጨለማው ወዲያው ገባው። መርዶ ካልሆነ በቀር አባቷን ወደዚህ አዳራሽ የሚያመጣው ነገር አለ ብላ አታስብም።

«ምንም አልሆነች፣ ሥራ ላይ ናት።»

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

«ልሰማሽ።»

ዓይኑን ተራ በተራ መረመረችው። «አላመመህም?»

«ጀምሮኝ ነበር። በጊዜ መድኃኒቴን ወሰድኩና ለቀቀኝ።»

ትከሻውን በቡጢ መታችው፣ አቀፈችው፣ በእጅጌዋ ፊቷን ጠርጋ ወደ መድረኩ ተመለሰች። መምህሩ እንደገና ጀመረላት።

ድምጿ ሲወጣ ጨለማው ወደ ግራ ቀኙ አየ፤ የሌላ ሰው መሰለው። ወፍራም፣ አዳራሹን ዳር እስከ ዳር የሚሞላ ድምጽ ነው። እሱ የሚያውቀው ልጁ በተፈጥሮዋ ቀጭን፣ የማይሰማ ድምጽ እንዳላት ነበር። ለካስ ዕድሜዋን ሙሉ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ የምታወራው እሱን እንዳያመው ብላ ኖሯል።