«ትመጣለች» አልኩት

ልጄ ስልኳን መዳፌ ላይ አስቀምጣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው።

«ውሰጂልኝ እማ። እኔ ጋ ከዋለ አብዳለሁ።»

እውነቷን ነው። ሁለተኛ ዲግሪዋን ለመማር ባሕር ማዶ ወዳሉ አራት ዩኒቨርሲቲዎች አመልክታ ሦስቱ አልተቀበልንሽም ብለዋታል። አራተኛው ዝም ብሏል፤ ዝምታው ደግሞ ከእምቢታው ባሰ። እህል አፏ ውስጥ እያለ ስልኳን ታያለች። የምታስጠናቸው ልጆች ፊት ሆና ታያለች። ፊቷን ሳሙና ሞልቶት እንኳ በአንድ ዓይኗ ታያለች። እኔም ከእሷ አልሻልም። እሷ ስልኩን ስታይ እኔ እሷን አያለሁ።

«መልሱ ቢመጣስ?» አልኳት።

«ማታ አነበዋለሁ። እግር የለው፣ የት ይሄዳል?»

«ሰው ቢደውልስ?»

«ለእኔ ማን ይደውላል? ጓደኞቼ ጭንቀቴን መስማት ሰልችቷቸው ሸሽተውኛል።»

ስልኩን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከትቼ ሥራ ገባሁ። እኛ የተማሪ ዩኒፎርም እንሰፋለን፤ የእኔ ድርሻ ኮሌታ ነው። ከጎኔ የምትሰፋውን ሴት ሬዲዮ እንላታለን፤ ማሽኗ ቢቆምም እሷ አትቆምም። ጋሼ ካውያ ደግሞ ከኋላችን ሆነው የሰፋነውን ይተኩሳሉ።

«ኪስሽን እንዲህ የምትዳብሺው ሊወለድ ነው እንዴ?» አለች ሬዲዮ።

«የልጄ ስልክ ነው። መልስ እየጠበቀች ነው።»

«ላም አለኝ በሰማይ!» አሉ ጋሼ ካውያ ከእንፋሎቱ ውስጥ። «ያ የመምህርነት ሥራስ ምን ሆነ?»

እሱማ አለ። እዚሁ ሰፈራችን ያለ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ እንድታስተምርለት ጠይቋት፣ ዳይሬክተሩ «አስቢበት» ብሏታል። እሷ እያሰበችበት ነው። እኔ ግን አስቤ ከጨረስኩ ቆየሁ። በእግር ተኪዶ የሚደረስ ሥራ ነው። ሲመሽ ቤቷ የምትገባበት፣ ብታማት ሾርባ የማደርስላት ሥራ።

አንዱን ኮሌታ ገልብጬ ሳልጨርስ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አወጣሁት። የማታ ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ የሱቅ ሰሌዳ ሳላነብ አላልፍም፤ የስልክ ጽሑፍ ግን እየሮጠ የሚጠፋ ስለሚመስለኝ እፈራዋለሁ። ጣቴን አስከትዬ አነበብኩት። ዳ-ይ-ሬ-ክ-ተ-ር።

«ዳይሬክተሩ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ታዲያ አንሺዋ! ፊደል የቆጠርሽው ለሱቅ ሰሌዳ ብቻ ነው?» አለች ሬዲዮ።

አነሳሁ። ሰውየው ችኩል ነው።

«እናቷ ነዎት? ጥሩ። ሌላ አመልካች ፊቴ ተቀምጧል። ልጅዎ ሥራውን ትፈልጋለች ወይስ አትፈልግም? አሁኑኑ ልወቀው።»

«የለችም፣ ስትመጣ እነግራታለሁ» ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ሰውየው ጠረጴዛውን በብዕር ሲቆረቁር ይሰማኛል፤ በዚያ በኩል ደግሞ ያ የማላውቀው ሰው ተቀምጦ የልጄን ወንበር ሲያይ ታየኝ።

«ትመጣለች» አልኩት።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እናቷ ነኝ እኮ!»

ስልኩን ስዘጋው ሬዲዮ ራሷ ጸጥ አለች። ቆይታ «ማን ላከሽ?» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ማንም።»

«ደግ አደረግሽ» አሉ ጋሼ ካውያ፤ ግን ቀና ብለው አላዩኝም።

ተቀምጬ ለመስፋት ሞከርኩ። ሁለት ኮሌታ እርስ በርስ ሰፋሁ። ሬዲዮ ከእጄ ነጥቃ በምላጭ መተርተር ጀመረች። «ይሄን እኔ አስተካክልልሻለሁ። አንቺ ሂጂና ንገሪያት። ከሌላ ሰው ብትሰማው ይብስብሻል።»

አለቃችንን አስፈቅጄ ወጣሁ። መንገድ ላይ ልደውልላት ብዬ ስልኩን አወጣሁ፤ የምደውለው ለራሴ ኪስ መሆኑ ሲገባኝ ሳቄም እንባዬም አብረው መጡ። መኪና ጡሩምባውን ነፋብኝ። የምላትን እያሰናዳሁ፣ ያሰናዳሁትን እያፈረስኩ፣ የምታስጠናበት ቤት ደረስኩ።

እርሳሷን ጸጉሯ ውስጥ ሰክታ ወጣች። ስታየኝ ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«መጣ?»

«አልመጣም። ዳይሬክተሩ ደወለ።»

«እና?»

«ትመጣለች አልኩት።»

በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችው። «እኔን ሳትጠይቂ?»

«ስልክሽ እኔ ጋ ነው፤ በምን ልጠይቅሽ?»

«አለማንሳት ይቻል ነበር እኮ እማ! የሚያስፈርሙኝ ለአንድ ዓመት ሙሉ ነው። ዛሬ ፈርሜ ነገ መልሱ ቢመጣ ተማሪዎቹን በትኜ ልሂድ?»

«ባይመጣስ? ሦስቱ እምቢ አሉሽ እኮ ልጄ። ሁለቱም ቢያመልጡሽስ?»

«እኔ ያልኩሽ ስልኬን ያዢልኝ ነው። እኔን ያዢኝ አላልኩም።»

ስልኩን ሰጠኋት። ተናዳም እንኳ አውራ ጣቷ መጀመሪያ የሄደው ወደ ኢሜይሉ ነው። ምንም የለም። ከዚያ ደወለች። እኔ ግንቡን ተደገፍኩ።

«ጤና ይስጥልኝ። ቅድም እናቴ የነገረችዎት… አዎ። አይ፣ እሷ አልዋሸችም፤ እኔ ነኝ ሐሳቤን በደንብ ሳልነግራት የቀረሁት። ከውጭ የምጠብቀው መልስ አለ… ገብቶኛል። መጠበቅ ካልተቻለማ ለሌላው አመልካች ይስጡት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ዘጋችው። ሥራው በዚያች ደቂቃ ሄደ።

«ጥፋቱን ለምን ወደ ራስሽ ወሰድሽው?» አልኳት።

«ታዲያ ምን ልበለው? እናቴ ሳትጠይቀኝ ዳረችኝ ልበል?»

ሳቅ አመለጠኝ። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ብዙም አልቆየም።

«እማ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እንድሄድ ትፈልጊያለሽ?»

ጠዋት ጠዋት «ይሳካላት» ብዬ እጸልያለሁ። ከሰዓት በኋላ ማሽኔ ላይ ጎንበስ ብዬ «ምነው በቀረባት» እላለሁ። ሁለቱንም የምለው ከልቤ ነው።

«አንዳንዴ» አልኳት።

«እኔም አንዳንዴ» አለች።

ከውስጥ የልጆች ድምፅ መጣ። «ቲቸር፣ ጨረስን!»

«አትዋሹ! እንደገና ሥሩት!» ብላ ጮኸችባቸውና ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ ስልኩን ይዛ ገባች።

ወደ ሥራ ልመለስ ብዬ ጥቂት ሄድኩ። እግሬ እምቢ አለኝ። ተመልሼ ከመስኮቱ ሥር ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ድምጿ ይሰማኛል፤ ስለ አሲድ ታስረዳቸዋለች፣ ረጋ ብላ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው። በመሀል ቃሏ ተቋረጠ፤ መልሱ መጣ ይሆን ብዬ ብድግ አልኩ። ቀጠለች። ተቀመጥኩ። እንደገና አቋረጠች፤ እንደገና ብድግ አልኩ።